ያልገባው ማን ነው?

በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ዘገባና በየመድረኩ አጭር ቴአትር ውስጥ አንድ ፍርድ ተደጋግሞ ይገኛል፤ ይኸውም «ሕዝቡ አልገባውም» የሚለው ነው። ግብሩን ያልከፈለ ገበሬ አልገባውም። ማዳበሪያውን ወስዶ ለጎረቤቱ የሸጠ አልገባውም። ከማሳህ ርቀህ በአዲሱ መንደር ኑር ሲባል ያመነታ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ እርሱ ጭራሹን «ኋላ ቀር» ተብሎ ተመዝግቧል። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የሚታዘዘው መድኃኒት የታወቀ ነው፤ በትናንቱ አነጋገር ማንቃት፣ በዛሬው ደግሞ ግንዛቤ ማስጨበጥ። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ያልፋል። ለመሆኑ ውሳኔውን የሰጠው ወገን ስለሚወስንለት ኑሮ ምን ያህል ገብቶት ነበር?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲጨርስ የሚደርሰው ደጀን ነው። አዋጅም፣ ሹምም፣ ወታደርም፣ ካድሬም፣ የልማት ዕቅድም በዚሁ አፋፍ በኩል ወጥተዋል። ስሙ እንደሚያመለክተው ደጀን ማለት ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ኃይል ነው፤ ይሁንና ከዚህ አፋፍ ማዶ እስከ ብቸናና እስከ ሞጣ የሚኖረው ሕዝብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከመንግሥት ጋር ደጋግሞ የተጋጨው ስለ መሬቱ በተሰጡ ውሳኔዎች ነው። ውሳኔዎቹ አንዱ ከሌላው ጎን ሲቀመጡ ሰው በተወሳሰበ ዓለም ውስጥ እንዴት በጥበብ ሊወስን እንደሚችል ከማናቸውም የፍልስፍና መጽሐፍ ይልቅ አብራርተው ያሳያሉ።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚያስመሰግን ነበር። ከጥንት የመጣውን አስራት ይሽራል። ግብሩ በመሬት ስፋት ብቻ ሳይሆን በሚገኘው ገቢ ላይ የሚታሰብ፣ ገቢው ከፍ ባለ መጠን ክፍያውም የሚያድግ ነው። ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል ከማለት የበለጠ ፍትሐዊ ሐሳብ ከየት ይመጣል? በዘመኑ ምክር ቤት የተቀመጡት ባለመሬቶች ረቂቁን ለማለዘብ መድከማቸው ራሱ አዋጁ የሚነካው ማንን እንደሆነ ይመሰክራል። እንግዲህ በዚህ አዋጅ ላይ ነፍጥ አንሥቶ የተነሣው ባላባቱ መሆን ይገባው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሞጣ፣ በብቸናና በደጋ ዳሞት አውራጃዎች ያመፀው፣ አዋጁ «ይጠቅመዋል» የተባለው ባለአነስተኛ ማሳው ገበሬ ነበር።

ይህን የሰማ የከተማ ሰው በጊዜው የሰጠው መልስ አንድ ነው። ጥቅሙን አያውቅም፤ ባላባት መርቶት ነው፤ አልገባውም። ነገሩን በገበሬው ዓይን ለማየት የፈቀደ ሰው ግን ሌላ ሥዕል ያገኛል። በጎጃም መሬት የርስት መሬት ነው። ርስት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ባለ ጽሕፈት ቤት እንደሚታሰበው የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም። አንድ አጥቢያ መሬቱ የቀደምት ዋና አባት ነው፤ ከእርሱ በአባትም በእናትም የሚወለድ ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ገበሬ በእናቱ አያት በኩል በአንድ አጥቢያ፣ በአባቱ በኩል በሌላ አጥቢያ ሁለትና ሦስት ቁራጭ ማሳ ያርሳል፤ ያላረሰውን ደግሞ ለልጁ በተስፋ ያስቀምጥለታል። ግብሩ የሚጠራው በሟች አባት ስም ነው። ሕያዋኑ በመካከላቸው እየተከራከሩ፣ እየተካፈሉ፣ እየተዋጡ ይከፍላሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የገማች ኮሚቴ መጥቶ «ይህ ማሳ የማን ነው? ስንት ኩንታል ይሰጣል?» ብሎ በአንድ ሰው ስም ሲጽፍ ስለ ግብር ብቻ አልጠየቀም። ሳያውቀው የአጥቢያውን የርስት ክርክር ሁሉ በአንድ ቀን ፈርዶ ዘጋው። ርቆ የሄደው ወንድም፣ በሌላ አጥቢያ ያገባችው እኅት፣ ገና ያልተወለደው የልጅ ልጅ በዚያች መዝገብ ከርስታቸው ተነቀሉ ማለት ነው።

ከመጻፍ በኋላ ምን እንደሚመጣም ገበሬው ያውቅ ነበር። መለካት ይመጣል። በደቡብ አገር ቀላድ ከተጣለ በኋላ የአገሩ ባለቤት ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን ከወታደርም ከነጋዴም ሰምቷል። የጎጃም ሰው ቀላድን የፈራው ገመዱን ስላላወቀው ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የገመዱን ታሪክ ጠንቅቆ ስላወቀ ፈራው።

ይህ ሁሉ ከመንግሥት የተሰወረ ምሥጢር ነበር ሊባል አይቻልም። ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት በጎጃም መሬት ለመለካት የተደረገው ሙከራ ተቃውሞ ገጥሞት መንግሥት አፈግፍጓል። ስለዚህ ልምዱ በራሱ በመንግሥት መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን አሠራር ያጠናበት መጽሐፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ አመፁ ካለፈ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ዋና ነገር ግን የብቸና ወይም የሞጣ ሽማግሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሊናገረው ይችል ነበር። የጠየቀው አልነበረም።

በዚህ ላይ የአገረ ገዥው የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ አስተዳደር ተጨመረበት። በጦር መሣሪያ ምዝገባና በልዩ ልዩ መዋጮ የተማረረ ሕዝብ አዲሱን አዋጅ ያነበበው በአገረ ገዥው ፊት በኩል ነበር። ይህ አገር የበላይ ዘለቀ አገር መሆኑን፣ ለአርበኝነቱ የተሞገሰው ያ ሰው በ1937 ዓ.ም. በራሱ መንግሥት መሰቀሉን የማያስታውስ ገበሬ በብቸና አልነበረም። ሽማግሌዎች ወደ ላይ እየሄዱ አቤት አሉ። አቤቱታው የተሰማው እንደ እምቢተኝነት ነው። በቤተ መንግሥትም በጽሕፈት ቤትም «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ብሂል የአስተዳደር መመሪያ እስኪመስል ድረስ ሠራ። ወታደር ተላከ፤ በ1960 ዓ.ም. ክረምት አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፤ ቤትና እህል ተቃጠለ፤ ሰው ሞተ።

ውጤቱስ ምን ሆነ? አገረ ገዥው ከጎጃም ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ግብር ማሩ። አዋጁ በጎጃም በተጻፈው መሠረት ሳይሠራበት ቀረ። ከተቃጠለው ጎጆ ጀርባ ሽማግሌው መጀመሪያ የጠየቁት ነገር ተሰጠ። በቦምብ መካከል አልፎ ወደ መነሻው የተመለሰ መንግሥት «አልገባቸውም» ያለውን ቃሉን መልሶ ወደ ራሱ ማዞር ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

ከዚህ ላይ ጉዳዩን ከአንድ አገረ ገዥ ጠባይ ከፍ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑ የማይመረመር መሆኑን በአንቀጽ 4 ደንግጎ ነበር፤ የዚህም መሠረቱ የዘር ሐረጉና የተቀባው ቅባት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ብሂል በሕግ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። የማይመረመር ሥልጣን የሰጠው ውሳኔ ሊሳሳት አይችልም። ውሳኔው ካልተሳሳተ ደግሞ ስሕተቱ በግድ ሌላ ቦታ መገኘት አለበት፤ ሁልጊዜም የሚገኘው ከታች ነው። «አልገባቸውም» የሚለው ፍርድ የተወለደው ከዚህ አስተሳሰብ ነው፤ የአንድ ባለሥልጣን ንቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከባለሥልጣኑ ጋር በተሻረ ነበር።

የዘውዱ መውደቅ ግን አስተሳሰቡን ይዞት አልወደቀም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ ታላቅ እርምጃ ለመሆኑ ማንም ሊክድ አይገባም። ሆኖም በዚያው ዘመን የቅባቱን ቦታ «የታሪክ ሕግ» ወሰደው። ታሪክ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ ወገን የማሳውን ባለቤት ምን ብሎ ይጠይቀዋል? የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርም፣ መንደር ምሥረታም የተፈጸሙት በዚህ እርግጠኝነት ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ማኅበራቱ በወራት ውስጥ ፈረሱ፤ ብዙው ገበሬ የመንደሩን ቤት ነቅሎ ወደ ማሳው ዳር ተመለሰ። ገበሬው ዐሥር ዓመት ሙሉ «ነቅቷል» ተብሎ ሲዘገብለት ኖሮ በአንድ ክረምት «መልሶ ተኛ» ሊባል ነውን? አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ ስኮት በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የታንዛኒያን ኡጃማ መንደሮችና የኢትዮጵያን መንደር ምሥረታ ጎን ለጎን አስቀምጦ የመረመረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱም አገር ከላይ በካርታ ሲታይ የተስተካከለው መንደር ከታች ከማሳው፣ ከውኃውና ከግጦሹ የራቀ መንደር ነበር።

ዓለማዊና ሰብአዊ አስተሳሰብ የሚባለው ነገር በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታማው ቤተ ክርስቲያንን በመጥላት ነው፤ አንዳንድ ደጋፊዎቹም ሐሜቱን እውነት ለማድረግ የተቻላቸውን ያህል ጥረዋል። የሞጣ ገበሬ ጸሎተኛ ነው። ስለ ግብሩ የመከረውም በአጥቢያው ደጅ፣ ካህኑ ባሉበት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ምክር ላይ የተነሡት ነጥቦች የዚህ ዓለም ነጥቦች ናቸው፤ ማን ይከፍላል፣ ማን ይጻፋል፣ ማን ይነቀላል? በአንጻሩ በማይመረመር ሥልጣን ስም የተናገረው ዋና ከተማው ነበር። ስለዚህ ዓለማዊ ውሳኔ ማለት የወሳኙን ሃይማኖት መመርመር ሳይሆን በውሳኔው ሸንጎ ላይ ማንም «ይህ ከጥያቄ በላይ ነው» ለማለት መብት እንዳይኖረው ማድረግ ነው። ከጥያቄ በላይ ሆኖ የሚቀርበው ነገር ቅባት ይሁን፣ የታሪክ ሕግ ይሁን፣ በቅርቡ ዘመን እንደ ታየው የልማት ዕቅድ ይሁን ለውጥ የለውም። ወሳኙ ሰው ነው። ሰው ከሆነ ይሳሳታል። የሚሳሳት ከሆነ ስሕተቱን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ስሕተቱን ቀድሞ የሚያየው ደግሞ በውሳኔው የሚጎዳው ነው።

ኪነ ጥበብ በዚህ ጉዳይ ከነቀፋ ነፃ አይደለችም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የሞጣና የብቸና ገበሬ ከመነሣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። የልብ ወለዱ ዋና ቦታ ዲማ ጊዮርጊስ ያለው በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከልማድ ውጭ የሆነ ግዴታ የተጫነባቸው ገበሬዎች በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይነሣሉ። ከዚያው መንደር ውስጥ ደግሞ ካሣ የተባለ የተማረ ሰው አለ። ወግና ልማዱ ሁሉ ምክንያቱ ይነገረኝ ብሎ ስለሚጠይቅ መንደሩ እብድ ብሎ ፈረደበት፤ ስሙም «ጉዱ» ካሣ ሆነ። በየትምህርት ቤቱ ይህ መጽሐፍ ለብዙ ዓመት ሲነበብ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር ብዙ እንባ አስፈስሷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የጉዱ ካሣን ጥያቄና የአበጀ በለውን እምቢታ አንድ ላይ አድርጎ፣ ሁለቱም የማመዛዘን ሥራ መሆናቸውን ለተማሪው ያሳየ መምህር ምን ያህል ነው? ብዙ ጊዜ ካሣ እንደ ሊቅ፣ አበጀ እንደ ጉልበተኛ ይነበባሉ። የደራሲው ገበሬዎች ግን የሚያደርጉትን አስበው የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው፤ በዚህም ደራሲው ከዘመኑ አገረ ገዥዎች ይልቅ ጎጃምን ያውቁት ነበር። መቼም የተወለዱበት አገር ነው።

ከዚያ በኋላ በመድረክ ላይ የታየው ገበሬ ግን ማነው? በኪነት ቡድኖች ዘመንም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ የተቀደደ ጋቢ ለብሶ፣ ቃል እያዛነፈ፣ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር የሚደነግጥና በመጨረሻው ትዕይንት ላይ በአንድ ወጣት ንግግር በቅጽበት የሚነቃ ገበሬ ነው። ተመልካቹ ይስቃል። የሚስቀው ግን እርሱ ራሱ በማያውቀው ዕውቀት ላይ ነው። የዝናቡን መግቢያ፣ የጥቁር አፈሩን ጠባይ፣ የጎረቤቱን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት በቃሉ የያዘ ሰው በመድረክ ላይ ሲወጣ አእምሮው ከኋላው ይቀራል። እንዲህ ያለው ቴአትር ለካድሬውም ለባለሙያውም ጉዳት ያደርሳል፤ ነገ ጠዋት ወደ ቀበሌ ሲሄድ የሚገጥመውን ሰው አስቀድሞ አላግጦ አሳይቶታልና።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ድልድል ይህ በሽታ መልኩን ለውጦ መመለሱን ያሳያል። ዓላማው ሲነገር እንደገና መልካም ነበር፤ መሬት የሌለው ወጣትና ያለ ባል ቤት የምታስተዳድር ሴት ድርሻ ያግኙ የሚል። ብዙዎችም አግኝተዋል፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ነገር ግን ቅነሳው የተፈጸመው በሰው ላይ ስም በመለጠፍ ነው። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን ላይ የነበረ ሁሉ «ቢሮክራት»፣ በቀድሞው ሥርዓት ወገን የተቆጠረ ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ» ተባለ። ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ሲፈቀድለት እነዚህ በአንድ ሄክታር ገደማ እንዲወሰኑ ተደረገ። በማኅበሩ ውስጥ ወገኑን የዘረፈም፣ መጻፍና ማንበብ በመቻሉ ብቻ ተመርጦ መዝገብ የያዘም በአንድ ስም ተጠሩ። ሰውየው ምን ሠራ የሚለው ጥያቄ ምን ተብሎ ይጠራል በሚለው ተተካ። ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ዘልቀው አቤት አሉ። የተሰጣቸው መልስ ግን በተለጠፈባቸው ስም ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር።

ታዲያ በዚሁ አገር፣ በዚሁ መሬት ላይ፣ በዚሁ ስለ መለካትና ስለ መጻፍ በሆነ ጉዳይ የተለየ ነገር ተደርጎ ያውቃልን? አዎን። የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ በ1992 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲታሰብ ሥራው በአንድ ጊዜ በክልሉ ሁሉ አልተጫነም። መጀመሪያ በሁለት ቀበሌዎች ተሞከረ፤ አንዱ በደቡብ ወሎ ገራዶ፣ ሁለተኛው በምሥራቅ ጎጃም አዲስና ጉሊት ነው። በየቀበሌው ነዋሪው ራሱ የመሬት ኮሚቴ መረጠ። ድንበሩ የተወሰነው አዋሳኞቹ ሁሉ በማሳው ላይ ቆመው እየተያዩ ነው። ክርክር ያለበት ማሳ ወደ ሽማግሌ፣ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። መዝገቡ ከመጽደቁ በፊት በአደባባይ ተነቦ የሚቃወም እንዲቃወም ተደረገ። በደብተሩ ላይም የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሰፈረ። ለአንድ ማሳ የወጣው ወጪ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ብዙም የዘለለ አልነበረም።

በ1960 ዓ.ም. የማሳውን ባለቤት ስም ለመጻፍ ቦምብ አልበቃም። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ በዚሁ ጎጃም ገበሬው ስሙን ለማስጻፍ ተሰለፈ። ያው «አይገባውም» የተባለው ገበሬና የእርሱ ልጆች ናቸው። ዘመኑ መለወጡ፣ ርስት በ1967ቱ አዋጅ መሻሩ፣ የ1989ኙ ድልድል ያስተማረው የመነቀል ፍርሃት ለደብተሩ ተፈላጊነት መርዳታቸው አይካድም። ይሁን እንጂ የአሠራሩ ልዩነት በዓይን የሚታይ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የተጻፈው የማይሻር ነበር፤ በኋለኛው ግን ስሕተት ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ታምኖበት የስሕተቱ ማረሚያ በር በሥራው ውስጥ ተከፈተ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያስ ሁሉንም ለገበሬው እንተውለትና ባለሙያው ቤቱ ይቀመጥ» የሚል ተቺ አይጠፋም። ተቺው ክርክሩን ለማሸነፍ ሲል ያልተባለ ነገር ያናግራል። የደጀን አካባቢ አፈር ለዚህ መልስ አለው። በ1980ዎቹ የተስፋፋው የእርሻ ኤክስቴንሽን በአብዛኛው አገር ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ እንዲጨመር ያዝዝ ነበር፤ ለቀዩም ለጥቁሩም አፈር አንድ ልክ። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለው ደጋ የሚያርሱ ገበሬዎች ማዳበሪያው እንደ በፊቱ አልሠራም ሲሉ ቆዩ። በዕዳ የወሰደውን ማዳበሪያ የሸጠም ነበረ። ፍርዱ አሁንም ያው ነው፤ አልገባቸውም፣ ሰንፈዋል። በኋላ አፈሩ በላቦራቶሪ ሲመረመር የተገኘው የገበሬውን አቤቱታ የሚያጸና ሆነ። ለብዙ ዘመን በዝናብ የታጠበውና ያለ ዕረፍት የታረሰው የደጋ አፈር አሲዳማ ሆኗል፤ በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ማዳበሪያው የያዘውን ፎስፎረስ አሉሚኒየምና ብረት ስለሚይዙት ሥሩ ሊያገኘው አይችልም። ገበሬው አሉሚኒየሙን ሊያየው አይችልም፤ ያ የኬሚስቱ ሥራ ነው። ኬሚስቱ ደግሞ ማሳው ከዐሥር ዓመት በፊት እንዴት ይሰጥ እንደ ነበር አያውቅም፤ ያን የሚያውቀው ገበሬው ነው። ሁለቱ ቀደም ብለው ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ብዙ ዕዳና ብዙ ነቀፋ ይቀር ነበር።

የአሲዳማ አፈር መድኃኒቱ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከደጀን አፋፍ ሥር በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ ተደራርቦ ቆሟል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ማለት ይኸው ነው። በደጀን የኖራ መፍጫ ተቋቁሞ ሥራ መጀመሩ የሚያስደስት ሲሆን፣ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በኩንታል ሳይሆን በቶን ስለሆነ ከመፍጫው እስከ ማሳው ያለው ማጓጓዣ የገበሬውን አቅም ይፈትናል። በ2014 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር ዳርቻ ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ፤ የብቸና ጤፍ አራሽ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው ወደብ ምክንያት ኪሱ ተራቆተ። ዓለም ተወሳሰበ የሚባለው ይህን ነው። ውስብስብነቱ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ሥልጣን ለመስጠት ሰበብ ሊሆን አይገባም፤ እንዲያውም ማንም ብቻውን ሊያየው ስለማይችል ብዙ ዓይን ያስፈልጋል።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ችግሩ አጣዳፊ ነው፣ ሕዝቡን እስክንጠይቅ ዘመን ያልፋል የሚል። በሞጣ የቀሩት ወራት ብዛታቸው አልታየም እንዴ? ለመጠየቅ ጊዜ ያልተገኘለት አዋጅ ለመዋጋት ጊዜ ተገኘለት፤ ከዚያም በኋላ ሳይሠራበት ቀረ።

በሌላ በኩል የገበሬውን ሸንጎ እንደ ጽላት ማክበርም አይገባም። የርስት ሸንጎ ድምፅ የወንድ ድምፅ ነበር፤ ሴት በእናት በኩል ርስት ታስተላልፍ እንጂ በሸንጎው ቆማ ስትከራከር እምብዛም አትታይም። የሚስት ፎቶግራፍ በደብተር ላይ እንዲወጣ ያደረገው የመንደር ልማድ ሳይሆን ሕግ ነው። በ1989ኙም ድልድል ስም ከለጠፉት መካከል የጎረቤቱን ማሳ የተመኘ ጎረቤት እንደ ነበረበት የአገሩ ሰው ያውቀዋል። የሰውን ደኅንነት መለኪያው ያደረገ አስተሳሰብ ከላይ የመጣውን ሥልጣን በመረመረበት ዓይን ከታች የበቀለውንም ልማድ ይመረምራል። እንዲህ ካላደረገ ጣዖቱን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ በመንደር አተከለ እንጂ አላፈረሰውም።

አሁን በዚህ አገር ላይ ያንዣበበው ውሳኔ ስለ ወጣቱ ነው። ከ1989 ዓ.ም. በኋላ አጠቃላይ ድልድል አልተደረገም፤ የይዞታ ደብተሩም ያለውን ባለይዞታ አጽንቶታል። ሽግሽግ የነዋሪውን ስምምነት ይጠይቃል፤ ይህም በጎ ነው። ስለሆነም በድልድሉ ዓመት የተወለደ የደጀን ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ መሬት ካገኘ የሚያገኘው ከወላጁ ተቀንሶለት ወይም ወርሶ ነው። በየቀበሌው የቀረው የወል ግጦሽ መሬት ለወጣት ማኅበር ይሰጥ ሲባል ከብቱን የሚያሰማራው ወገን ይቃወማል። የእንስሳት ባለሙያው ስለ መኖ፣ የደን ባለሙያው ስለ ተራቆተው ተዳፋት፣ የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ስለ ሥራ አጥ ብዛት በየራሳቸው ወረቀት ላይ የየራሳቸውን እውነት ጽፈዋል። በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ የተቃወመው አባት «አልገባውም»፣ የጠየቀው ልጅ «ችኩል ነው» ተብሎ መጻፍ ጀምሯል። አባትና ልጅ ግን ማታ በአንድ ጎጆ ገብተው ከአንድ መሶብ ይበላሉ፤ ጉዳዩንም በወረቀቶቹ ላይ ካለው በበለጠ ጥልቀት እዚያው ይከራከሩበታል። ያን ክርክር የሰማ ኮሚቴ እስካሁን የለም፤ የጻፈው ጸሐፌ ተውኔትም አልተገኘም።